ነቀርሳ ብለው የጻፉልኝ

በርገን፣ ኖርዌይ
መስከረም 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ እሌኒ፣

እንደምን ከርመዋል? አዲሱ ዓመት ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ የመቱም ጭቃ ሳያንሸራትትዎ በሰላም ያሻግርዎ። እኔ፣ ሰይፈና ልጃችን ዬሮሳን ደህና ነን። ሰይፈ ባቡሩን ይነዳል፣ ዬሮሳን ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ይዛለች፣ እኔም እዚያው የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ነኝ። ዝናቡ እዚህም እንደ እናንተው ነው፤ ለዚህስ እግዜር ቦታ አላስለወጠኝም።

ወረቀት ያነሳሁት በስልክ የማይወራ ነገር ስለገጠመኝ ነው። ጎሬ እማ ጋ ስደውል የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ነው የሚያናግሩኝ፤ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማል። ይህን ግን እርስዎ ብቻ ቢሰሙልኝ እመርጣለሁ።

አረጥኩ እትዬ። ካረጥኩ ዓመት አልፎኛል። የወር አበባው መቅረቱስ ግልግል ነበር፤ የከፋኝ ሙቀቱ ነው። ከደረቴ ይነሳና አንገቴን፣ ፊቴን፣ ጆሮዬን ያነደዋል። ድስት እያማሰልኩ ሳለ ይመጣብኛል፤ ሹራቤን አውልቄ የሥጋ ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ገብቼ እቆማለሁ። እንቅልፍ ከዓይኔ ርቋል። ሰሞኑን ሽንኩርቱ በደንብ አልተላጠም ብዬ አንዷ ሠራተኛ ላይ ጮህኩና ወዲያው እኔው አለቀስኩ። ሰይፈ ከሥራ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬ የትኛዋ ገሊላ ናት ያለችው?» ይላል። ሲቀልድ ነው፤ እኔን ግን ያመኛል።

ሐኪሜ ሆርሞን ልስጥሽ ብላኛለች። ሰውነቴ መሥራት ያቆመውን ነገር ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ፕላስተር መመለስ ነው፤ ማሕፀን ላላት ሴት ደግሞ ማሕፀኗን የሚጠብቅ ሌላ ክኒን አብሮ ይሰጣል። ሙቀቱን ያጠፋል፣ እንቅልፍ ይመልሳል፣ አጥንትም እንዳይሳሳ ያግዛል አለችኝ። ጉዳትም አለው። ለዓመታት ሲወሰድ የጡት ካንሰርን ዕድል በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፤ ደም መርጋትም ይፈራል፣ ምንም እንኳን ፕላስተሩ በዚህ ከሚዋጠው ቢሻልም። «ለአንዷ የሚበጀው ለሌላዋ ላይበጅ ይችላል፤ መጀመሪያ የቤተሰብሽን ሴቶች ጤና ጠይቂ» ብላ ሰደደችኝ። እናት፣ እህት፣ አክስት፣ ከእነዚህ ውስጥ በጡት ወይም በማሕፀን አካባቢ የታመመ አለ ወይ ነው ጥያቄዋ።

እማን እንዲህ ያለ ነገር ብጠይቃት በኀፍረት ስልኩን ትዘጋብኛለች። የዘራችንን ሴቶች አንድ በአንድ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። የእማ የአጎት ልጅ እትዬ ሻሽቱ በወጣትነታቸው እንዳረፉ እሰማለሁ። ሕመማቸው ምን ነበር?

መነጽሩንና ለጉልበትዎ የሚቀባውን በሚመጣ ሰው እልካለሁ። ሌላ የጎደለ ካለ አይደብቁኝ።

ልጅዎ ገሊላ

---

መቱ
ጥቅምት 26 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ ገሊላ፣

በሄድሽበት የሚከተልሽ፣ በምትገቢበት የሚቀድምሽ አምላክ ይጠብቅሽ። ሰይፈን ሰላም በዪልኝ፤ ቀልዱን ግን ለተሳፋሪዎቹ ያድርገው። ዬሮሳንን በሁለት ጉንጮቿ ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ሳቅሁ፣ ከዚያ አዘንኩልሽ። ያ ሙቀትሽ መቱ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዝናብ የማይደርቀውን ልብሳችንን ባደረቅንበት! እኔም ሳርጥ እንደዚያው ነበርኩ። ያኔ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ታይፕ እመታለሁ። መስኮት ክፈቱ፣ በር ክፈቱ እያልኩ ሰው አስቸገርኩ። አለቃዬ አቶ እንግዳው ደግ ሰው ነበሩ፤ ፊቴ ቀልቶ ላቤ ሲንጠባጠብ አይተው ወባ ይዟታል ብለው ክሊኒክ ላኩኝ። የወባ ክኒን ተሰጥቶኝ መጣሁ። አርጬ ነው ማለት ስለሚያሳፍር ዋጥኩት! እሱንም ዋጥኩ፣ ሙቀቱንም ዋጥኩ፣ አለፈ። ያንቺም ያልፋል። ግን እናንተ አገር መድኃኒት ካለ ለምን ትሰቃያለሽ? ሐኪምሽን ስሚ።

ስለ ሴቶቻችን ለጠየቅሽኝ፣ እናትሽ ኢብሴ ሰማንያ ልትደፍን ነው፤ የጎሬን ዳገት ያለ ምርኩዝ ትወጣለች። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሻሽቱን ነቀርሳ ነው የወሰዳት። እሷ ደግሞ ላንቺ ሩቅ ናት፤ የእናትሽ የአጎት ልጅ ለሐኪም ምን ትሆናለች? አትጻፊያት።

ቡናው ዘንድሮ በፍሬ አጎንብሷል። የሰፈሩ መንገድ ይሠራል ተብሎ ተቆፍሮ ቀርቷል፤ ስለዚህ ከመነጽሩ ይልቅ ለጭቃ የሚሆን ቦቲ ጫማ ብትልኪልኝ እመርቅሻለሁ። ደግሜ ነው የምልሽ፣ ሻሽቱን አትጻፊያት።

እሌኒ

---

በርገን
ታኅሣሥ 18 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ እሌኒ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የልደትን በዓል በደስታ ያድርስልኝ። ቦቲውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ የሚመጣ ሰው እየጠበቅሁ ነው።

የምሥራች ልንገርዎት፤ ዳንኩ! ፕላስተሩን ከጀመርኩ ሳምንታት አልፈዋል። ሙቀቱ መጀመሪያ ቀነሰ፣ ቀጥሎ ጭራሽ ጠፋ። እንቅልፍ ማለት ምን እንደሆነ ረስቼው ነበር እኮ። ጠዋት ስነሳ ሰውነቴ የእኔ ነው። ባለፈው እሑድ ዬሮሳን መጥታ ምሳ ስንበላ የሆነ ነገር አለችና ሳቅሁ፤ ልጅቷ ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ። «እማዬ፣ እንዲህ ከሳቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አለችኝ። ደነገጥኩ፣ እኔም አላስተዋልኩትም ነበር።

ለሐኪሜ ሁሉን ነገርኳት። አትጻፊያት ቢሉኝም እትዬ ሻሽቱንም ጠቀስኩላት፤ እዚህ አገር ሐኪም ይሉኝታ አያውቅም፣ ደግማ ደጋግማ ትጠይቃለች። ነቀርሳ ብለው የጻፉልኝን እንዳለ ተረጎምኩት፤ የሳንባው፣ ያ ድሮ ሰውን በሳል የሚጨርሰው ብዬ። እሱ ለሆርሞኑ ምንም አያገባውም አለችኝ። ከዚያ እናትሽስ አለች። ሰማንያ ልትደፍን ነው፣ ዳገት ትወጣለች ስላት ሳቀች። «መልካም ዘር ነው ያለሽ፤ የእናት ጤና ትልቅ ነገር ነው» አለችና ጻፈችልኝ። ሁሉም ከእማ ያገኘሁት ጤና ነው፤ በስልክ ልነግራት ፈልጌ አፈርኩ። ጎሬ ከወጡ ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ገሊላ

---

መቱ
የካቲት 30 ቀን 2009 ዓ.ም.

ገሊላ ልጄ፣

አምላክ ካንቺ አይራቅ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልስ ልጽፍ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ።

ፕላስተሩን አንሺው። ለሐኪምሽ ትቼዋለሁ በያት። ምክንያቱን አትጠይቂኝ፤ አንድም ቀን ክፉ መክሬሽ አላውቅም።

ደህና አይደለሁም። በሽታ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ከጓሮ በር በኩል «እሌኔ» ብሎ የሚጠራኝ አለ። እሌኔ እያለች ስትጠራኝ የኖረች አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ ሻሽቱ ናት። ከሞተች ስንት ዘመኗ! ተከራዬ ትግስትን ሰምተሻል ወይ ብላት አልሰማሁም አለችኝ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አስተያየቷ ተለውጧል። ልታብድ ነው ብለሽ እንዳትስቂብኝ።

ቦቲውን አትላኪ። ምንም ነገር እንዳትልኪ። ፕላስተሩን አነሳሁት የሚል ቃል ብቻ ላኪልኝ።

እሌኒ

---

በርገን
መጋቢት 27 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ እሌኒ፣

እንደምን ነዎት? ደብዳቤዎ አሳሰበኝ። የፆሙ ድካም ይሆን? እባክዎ ብቻዎን አይሁኑ፤ ትግስት ከእርስዎ ጋር ትደር። ሐኪም ቤትም ይሂዱ፤ ብቸኝነት ብዙ ያሰማል።

ፕላስተሩን ግን አላነሳሁትም። ቅር አይበልዎት። «አንቺ ልጅ፣ ስለተባለ ብቻ አታድርጊ፤ ለምን በዪ» ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። እኔም ለምን ብያለሁ፣ መልስ ግን አላገኘሁም። ከሐኪሜ ጋር ተቀምጠን ጥቅሙንና ጉዳቱን አመዛዝነናል። በዕድሜዬ ገና ነኝ፣ ካረጥኩም ብዙ አልቆየሁም፣ ግፊት የለብኝም፣ ደም ረግቶብኝ አያውቅም፣ በቤተሰቤ የጡት ሕመም የለም። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ጥቅሙ ያመዝናል አለችኝ። በየዓመቱ እያየችኝ ልንቀጥል ተስማምተናል። ይህን ሁሉ ትቼ ወደዚያች በሽንኩርት ወደምታለቅሰው ሴት ልመለስ? ያ ሙቀት ሲመጣ እኮ መሞቅ ብቻ አይደለም፤ አንድ ክፉ ነገር ሊሆን ነው የሚል ፍርሃት ቀድሞት ይመጣል። እርስዎ ዋጥኩት ይላሉ። እኔ መዋጥ አልቻልኩም።

እውነቱን ልናገር፣ ተናድጃለሁ። ምክንያት ካለዎት ይንገሩኝ፤ ከሌለዎት በመዳኔ ደስ ይበልዎት።

ገሊላ

---

መቱ
ግንቦት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ ገሊላ፣

ይህን ሰይፈ ወይም ዬሮሳን አጠገብሽ ሆነው አንብቢው። ልብሽን ያጽናው ብዬ ነው የጀመርኩት፤ አንቺም ታገሺኝ።

ነቀርሳ ስልሽ የሳንባውን ማለቴ አልነበረም። የጡት ነው። እኛ ያኔ ሳንባን የሚበላውንም ጡትን የሚበላውንም ነቀርሳ ነበር የምንለው፤ እናንተ ካንሰር የምትሉት ነው። የሳንባ መስሎሽ ለሐኪምሽ እንደነገርሻት ስትጽፊልኝ፣ ሳልዋሽ ቃሉ ራሱ ዋሸልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታው አላደረልኝም። ሻሽቱ መጥራት የጀመረችው ያን ሳምንት ነው።

እናቴ፣ ጠሪሽን ሳታዪ አቤት አትበዪ ትለን ነበር። ስለዚህ ስትጠራኝ ዝም እላለሁ። ቆርቆሮው በዝናብ ሲደበደብ እንኳን ድምጿ ይለይልኛል፤ አትቆጣም፣ አታለቅስም፣ የሆነ ነገር ረስቶ እንደሄደ ሰው ነው የምትጠራኝ። አንድ ቀን ከገመድ ላይ ልብስ ሳነሳ ከኋላዬ ጠራችኝና ሳላስበው አቤት አልኩ። ዞር ስል ማንም የለም። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። የማልኩት መሐላ አለ፣ ብናገር ኃጢአት፣ ዝም ብል ሰው ይጎዳል አልኳቸው። «የማልሽላት በሕይወት አለች?» አሉኝ። አለች አልኳቸው። «ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ? ወደ እሷ ሂጂ» አሉኝ።

ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎሬ ወጣሁ። ኢብሴ ደጃፏ ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች። ገና ሳልቀመጥ ፊቴን አይታ አወቀችብኝ።

«ስለ ልጄ ነው የመጣሽው» አለችኝ።

«ስለ ልጅሽ ነው።»

«ታማለች?»

«አልታመመችም። ሊጎዳት የሚችል መድኃኒት ግን ጀምራለች። ሐኪሟ እናትሽ ጤነኛ ናት ወይ ብላ ጠይቃት፣ ጤነኛ ናት ብላ መልሳ ነው።»

«ጤነኛ ነኛ! ምን ጎድሎኝ?»

«አንቺማ ጤነኛ ነሽ ኢብሴ። ሻሽቱ ግን አልነበረችም።»

ያ ስም በዚያ ቤት ተጠርቶ አያውቅም። ጎመኑን ከጭኗ ላይ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። «ኢንተላ ኮ» አለች፤ ልጄ ናት፣ የእኔ ናት ማለቷ ነው። ደጋግማ አለችው። «ሽማግሌዎቹ ፊት ምለሻል። የኢብሴ አይደለችም ያለ ምላሱ ይታሰር ሲሉ አሜን ብለሻል። ሁሉም ሞተው አንቺ ብቻ ቀርተሽ አሁን ልትቀሚኝ መጣሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«በእኔ ጤና ተማምና ነው እንዴ የምትወስደው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ንገሪያት እንግዲያ። እናቴ አይደለሽም ትበለኝ፤ ብቻ ትኑርልኝ።»

እንግዲህ በእሷ ፈቃድ ልጻፈው። የወለደችሽ ሻሽቱ ናት። አባትሽ አብደታ አንቺ ሳትወለጂ በወባ ሞተ። ሻሽቱ እንደማትተርፍ ስታውቅ በጉዲፈቻ ለኢብሴና ለባሏ ለጅራታ ሰጠችሽ። ልጅ አልነበራቸውም፤ አቅፈው ሲወስዱሽ ሁለቱም መንገዱን ሁሉ እያለቀሱ ነው የሄዱት። በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ የወለዱት ልጅ ነው፣ መሐላውም ማንም እንዳይለየው ነው። ልማዱን አላማውም፤ ኢብሴ እናትሽ ናት። ደም ግን መሐላ አይሰማም ልጄ። ሐኪምሽ ማወቅ አለባት። ለዬሮሳንም ያስፈልጋታል።

እሌኒ

---

በርገን
ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም.

እትዬ እሌኒ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ብዙ መጻፍ አልችልም።

ለሐኪሜ ነገርኳት። ፕላስተሩ መርዝ አይደለም፣ የወሰድሽው ጥቂት ወር ነው፣ አትሸበሪ አለችኝ። ግን ሚዛኑ ተለውጧል አለች። እናት በወጣትነቷ በዚህ ሕመም ከሞተች ያች ትንሿ ጭማሪ ትንሽ አትባልም። ስለዚህ ምርመራው እስኪያልቅ አቁሚ አለችኝና አቆምኩ። ጡቴን በራጅ አይተውታል፤ ለጊዜው ምንም አልተገኘም። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ደም ወስደዋል፤ መልሱ ገና ነው። በእኔ ከተገኘ ዬሮሳንም ትመረመራለች። ሁሉን ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ እጄን ይዛ ተቀመጠች።

ሙቀቱ ተመልሷል። ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ስቆም አሁን ብቻዬን እንዳልሆንኩ ይሰማኛል። አልፈራም ብል ውሸት ነው።

እሑድ ጎሬ ደወልኩ። እማ አልኳት። ዱሮ ቃሌን ሳልጨርስ ነበር ወዬ የምትለኝ፤ አሁን ቆይታ ነው ያለችኝ። ስለ ዝናቡ አወራን። ሌላ ምንም አላወራንም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ደግሜ ደወልኩና እማ አልኳት፣ ወዬ አለች፣ ሁለታችንም አለቀስን።

ሐኪሜ የምትጠይቀው አላለቀም። ሻሽቱ ስትሞት ስንት ዓመቷ ነበር? የታመመችው በአንዱ ጡቷ ነው ወይስ በሁለቱም? ሕመሙ መቼ ታወቀ? መጀመሪያ ያወቀውስ ማን ነው? የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ፤ ከእንግዲህ አይዝለሉብኝ።

ገሊላ

---

መቱ
ነሐሴ 8 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ፣

አንቺንም ልጅሽንም ከክፉ ይሰውራችሁ። ኢብሴ እሑድ እሑድ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጠዋት ጀምሮ ትጠብቃለች። አሁን ድምፁን ከፍ አያደርጉትም፤ ጆሮዋ ላይ ይዛ ብቻዋን ነው የምትሰማሽ።

የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ። ሻሽቱ ስትሞት ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። የወር አበባዋ ሳይቆም፣ አንቺ ያማረርሽውን ሙቀት ሳታየው ነው የሄደችው። የታመመው የግራ ጡቷ ነው። ቀኙንም ይንካው አይንካው አላውቅም፤ ሐኪም ያየው ሲያልቅ ነው። መጨረሻ ላይ ሳል ስለያዛት ሰው የሳንባ ነው ብሎ ቀበራት፣ እኛም አላረምንም።

መቼ ታወቀ፣ ማን አወቀው ላልሽኝ፣ ገና የጥቂት ወር ልጅ ነበርሽ። ጤነኛ፣ ሆዳም ነበርሽ። በድንገት የግራውን ጡት አልጠባም አልሽ። ቀኙን እየሳብሽ ትጠቢያለሽ፤ ወደ ግራ ሲያዞሩሽ ፊትሽን ትመልሻለሽ፣ ትንፈራገጫለሽ። ሻሽቱ ማር ቀባችበት፣ እምቢ አልሽ። ዘመዶች ምች መትቶት ነው አሉና ዳማከሴ አሽተው ጨመቁበት፣ እምቢ አልሽ። እኔ ራሴ ማጅራትሽን ይዤ አፍሽን እላዩ ላይ አድርጌ ነበር፤ እስክትንሰቀሰቂ አለቀስሽ። ይህች ልጅ እልኸኛ ናት ብለን ሳቅንብሽ። እብጠቱን በእጃችን ያገኘነው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ያኔ ረፍዶ ነበር።

ስለዚህ ሐኪምሽ መጀመሪያ ያወቀው ማን ነው ስትልሽ፣ እኔ ነኝ በያት። ስትነግሪን አልሰማንሽም።

እሌኒ